የእማዬ ዶሮዎችና የአባዬ ፒክአፕ

ባለፈው ስለ ልጆች ፈተና አውግተን ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ስለ ዝገት ላጫውታችሁ ነው። የቤተሰብ ጉዳይ ከዝገት ጋር ምን አገናኘው እንዳትሉኝ፤ ትዳሬን ሊነካው ትንሽ ነበር የቀረው።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ዓባይን ተሻግራችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ዘንዘልማን ታገኛላችሁ። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ያለው እዚያ ነው። በእናቴ ቤት ጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣ አባቴ በጨረታ የገዛው የቶዮታ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ቆሟል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ንቅንቅ አላለም። ካቢኑ ውስጥ ዶሮዎች ይተኛሉ፤ እናቴ ጠዋት ጠዋት እንቁላል የምትለቅመው ከሾፌሩ ወንበር ላይ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ወንድሞቼ በኪሎ ለብረት ነጋዴ እንሽጠው አሉ። እናቴን ብንጠይቃት፣ «አባታችሁ መኪናው ውስጥ የለም፤ እንደ ወደዳችሁ አድርጉት። ለዶሮዎቼ ብቻ ማደሪያ ሥሩ» አለችን። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

ምክንያት አልጠፋኝም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ከባድ አድርጎታል፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሬ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ዋጋው ሁሉ ወደ ላይ ወጣ። አሮጌ መኪና ማደስ እንግዲህ ሞኝነት አይደለም እያልኩ ለባለቤቴ ደጋግሜ አስረዳኋት። እውነቱን ለመናገር ግን የአባቴን መሪ መጨበጥ ነበር ያማረኝ።

ከ15 ዓመቱ ልጄ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ መፍታት ጀመርን። የሰፈሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ወንበር ስበው ተቀምጠው ያዙናል፣ እኛ እንታዘዛለን። «ልጄ፣ በጉልበት አይደለም» ይሉኛል። የዛገ ዳዶ ማታ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጠጥቶ ያድራል። ጠዋት መጀመሪያ ለመፍታት ሳይሆን ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ይገፋል፤ የዝገቱ ቅርፊት ሲሰበር ያኔ ይመለሳል። እምቢ ካለ በእሳት ይሞቃል፤ ነገር ግን የናፍጣው ሰልባትዮና ቱቦዎቹ ተነቅለው ሳይርቁ እሳት አይነካም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ብሎን አንገታቸውን በጠስኩ። ልጄ አንድም አልበጠሰም። እሱ እያንዳንዱን ነገር ከመንቀሉ በፊት በስልኩ ፎቶ ያነሳል፤ ብሎኑን ደግሞ በቆርቆሮ አያጠራቅምም፣ ወደ ወጣበት ቀዳዳ መልሶ በእጁ ያስገባዋል።

ካሶኒው ሲነሳ የሻንሲው ጉድ ታየ። የጣና ውኃ ጨው የለውም፤ ዝገቱ የባሕር ዝገት አይደለም፣ የጭቃ ነው። ሻንሲው እንደ ሳጥን ዝግ ስለሆነ በክረምት የገባበት ጭቃ መውጫ አጥቶ በጋውን ሁሉ እርጥበቱን ይዞ ይከርማል፤ ብረቱን የሚበላውም ከውስጥ ነው። ሽማግሌው በትንሽ መዶሻ ከፊት እስከ ኋላ መታ መታ እያደረጉ ሄዱ። ጤነኛው ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፤ ከኋላው ባሌስትራ ማንጠልጠያ በላይ ስንደርስ ድምፁ እንደ ካርቶን ሆነ፣ መዶሻውም ገባ። መዳፍ የሚያክል ቀዳዳ! በያጁ ከላይ ላሜራ ልለጥፍበት ቢል ሽማግሌው ከለከሉት። ጤነኛው ብረት እስኪገኝ ተቆርጦ ወጣና በወፍራም ብረት ተተካ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የሞተሩ ፒስተኖች ተበልተው ነበር። ለባለቤቴ «ለሥራ ጉዳይ አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ» ብዬ፣ የዕቁባችንን 22 ሺህ ብር ይዤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ሶማሌ ተራን የማያውቅ ካለ፣ መርፌ ከሚያክል ስፕሪንግ እስከ ሙሉ ሞተር የመኪና ዕቃ የሚገኝበት መንደር ነው። «የአሮጌው ናፍጣ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ፒስተን» አልኩ፣ ስድስቱን ከነፋሻቸው አስታቀፉኝ፣ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ዘንዘልማ ላይ ፒስተኑ ወደ ሲሊንደሩ ሲገባ ሙቀጫ ውስጥ እንደ ገባ ዘነዘና ወዲያና ወዲህ ተንገዋለለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮፈኑ ሲከፈት በካቢኑ ግድግዳ ላይ ያለችው ትንሽ ሳህን የሞዴሉን ስም ትናገራለች። ኤችጄ 45 ከሆነ ሞተሩ ኤች ነው፤ 3,576 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 88 ሚሊ ሜትር። እ.ኤ.አ. ከ1980 ወዲህ የመጣው ኤችጄ 47 ከሆነ ግን ሞተሩ ቱኤች ነው፤ 3,980 ሲሲ፣ ስፋቱ 91። የኛው 47 ነው። እኔ የ45ን ገዛሁ። ሻጩ አላታለለኝም፤ ቁጥሩን አልያዝኩም፣ እሱም አልጠየቀኝም። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይላል።

ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። የዕቁቡ ተራ ሲደርስ ባለቤቴ ስትቆጥር ጎደለ። ፒስተኖቹን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ብትጮኽብኝ ይቀለኝ ነበር። አንዱን አንስታ ገልበጥ አደረገችና፣ «ለ22 ሺህ ብር አይደለም የከፋኝ፤ ለሥራ ነው ያልከኝ ጊዜ ስንቅ ቋጥሬልህ ነበር» አለች። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ልጃችን በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

በማግሥቱ አንድ ደብተር ገዛች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለፒክአፑ የሚወጣ ሳንቲም ሁሉ በእሷ እጅ ይጻፋል፤ ወር ካለቀበት ወር አያልፍም። በሁለተኛው ጉዞ ልጄን ይዤ ሄድኩ። አሮጌውን ፒስተን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ የሳህኗንና የሞተሩን ቁጥር ፎቶ ይዞ ነበር። ላንድክሩዘር ብለን ስንጠይቅ ያልተገኘው ዕቃ፣ አንድ ነጋዴ «ይኼማ የኮስተር ሞተር አይደል እንዴ?» ብሎ ከኋላ አወጣልን። ለካ ያንኑ ቱኤች ሞተር አሮጌዎቹ ኮስተር አውቶቡሶችም ይዘውታል! ልጄ አሮጌውን ከአዲሱ ጎን አቁሞ ስፋቱን ለካ፣ የፒኑን ቀዳዳ ለካ፣ ከዚያ «እሺ አባዬ፣ ክፈል» አለኝ። ከመክፈሌ በፊት ለእናቱ ደወልን።

የተሳሳቱትን ስድስት ፒስተኖች ለአንድ የኤችጄ 45 ባለቤት በግማሽ ዋጋ ሸጥን፤ ደብተሩ ላይ ገብቷል። ሞተሩ ባለፈው ወር ተነሥቷል፣ ጥቁር ጭሱ ግን ገና ነው፣ ፖምፓው መስተካከል አለበት። የቀኝ በርና የፊት መስታወቱ ጎማ እየተፈለገ ነው። የሾፌሩን አሮጌ ወንበር ነቅለን ከጓሮው ጥግ ቆርቆሮ አልብሰን አስቀመጥነው፤ ዶሮዎቹ ለሦስት ቀን አኩርፈው በአራተኛው ቀን ገቡበት።