የዶውሮ ወንዝ የሽርሽር ጀልባና የወይን ገበሬው ድርሻ

በሰሜን ፖርቱጋል በሚገኘው የዶውሮ ወንዝ ላይ በየበጋው በርካታ ትናንሽ የሽርሽር ጀልባዎች ይመላለሳሉ። አንድ ቤተሰብ ወይም ጥቂት ጓደኛሞች ጀልባውን ከነነጂው ለአንድና ለሁለት ሰዓት ወይም ለግማሽ ቀን ይከራዩታል። ጀልባው ፒንያኦ ከምትባለው አነስተኛ የወንዝ ዳር ከተማ ተነሥቶ በግራና በቀኝ በወይን ተክል በተሸፈኑ እርከኖች መካከል ያልፋል። ጸጥ ካለ ሥፍራ ሲደርስ ሞተሩ ይጠፋና ተሳፋሪዎቹ ወደ ውሃው ገብተው ይዋኛሉ። ከዋናው በኋላም በዚያው ሸለቆ የተመረተ ወይን ጠጅ በየዓይነቱ ቀርቦላቸው ያጣጥማሉ።

ይህ ዓይነቱ ሽርሽር ላይ ላዩን ሲታይ የባለገንዘብ መዝናኛ እንጂ የገበሬ ጉዳይ አይመስልም። ይሁን እንጂ ተሳፋሪው ገንዘብ ከፍሎ የሚያየው እርከን በገበሬ እጅ የተሠራ ነው። የሚቀምሰውም ወይን ጠጅ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ነው። ከዚህ የተነሣ፣ ከጀልባው ኪራይና ከጠርሙሱ ሽያጭ ከሚገኘው ገቢ ዳገቱን ቆፍሮ ወይኑን ላለማው ገበሬ የሚደርሰው ምን ያህል ነው የሚለው ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው። የዶውሮ ገበሬዎች ታሪክም በዚህ ረገድ ለገበሬ ማኅበራት መሪዎች የሚጠቅም ብዙ ትምህርት ይዟል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

ድንጋይ ተፈልጦ የተገኘ ማሳ

የዶውሮ ወንዝ ከስፔን ተራሮች ተነሥቶ 897 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ፖርቶ ከተባለችው ከተማ አጠገብ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ይቀላቀላል። ወይን የሚለማበት የሸለቆው ክፍል ቀጥ ያለ ዳገት የበዛበት፣ አፈሩ የሳሳ፣ መሬቱም በአብዛኛው እየተሰነጠቀ የሚፈለጥ ድንጋይ ነው። በበጋ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። የአካባቢው ሕዝብ ለብዙ ትውልድ ድንጋዩን እየፈለጠ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ካብ እየካበ እርከን ሠርቷል። የወይኑ ሥር በድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ወደ ታች እየዘለቀ እርጥበት ይፈልጋል። ዛሬም ቢሆን በብዙዎቹ እርከኖች ላይ ትራክተር ስለማይደርስ ምርቱ የሚለቀመው በእጅ ነው።

በአሁኑ ጊዜ በሸለቆው ከ40,000 ሄክታር በላይ መሬት በወይን ተክል የተሸፈነ ሲሆን፣ ከአልሚዎቹ መካከል አብዛኞቹ አነስተኛ ይዞታ ያላቸው ገበሬዎች ናቸው። በ1860ዎቹ ሥር የሚበላ እጅግ ጥቃቅን ነፍሳት ገብቶ ተክሉን በሰፊው አውድሞት ነበር። መድኃኒቱ የተገኘው የአውሮፓውን ወይን ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ግንድ ላይ በማዳቀል ነው። ያን ጊዜ ባዶ የቀሩ እርከኖች እስከ ዛሬ ከጀልባ ላይ ይታያሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ዩኔስኮ፣ በ2001 ይህን የወይን አገር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ፣ ያከበረው ሰው በሥራው የፈጠረውን መልክአ ምድር ነው።

ወንዙ የተገራበት ሁኔታ

ዛሬ ሰው እንደ ልቡ የሚዋኝበት ይህ ወንዝ ቀደም ባሉት ዘመናት ሰው የሚያጠፋ ኃይለኛ ወንዝ ነበር። ገበሬው የጠመቀው ወይን ጠጅ በበርሜል ተሞልቶ ራቤሎ በሚባል መሠረቱ ጠፍጣፋ በሆነ የእንጨት ጀልባ ወደ ፖርቶ አቅጣጫ ይወርድ ነበር። ጀልባው በኋላው በኩል በተተከለ ረጅም መቅዘፊያ እየተመራ በድንጋያማ ፏፏቴዎች መካከል ሲያልፍ ሰውም ጭነትም ይጠፋ ነበር። የሸለቆውን ካርታ በማዘጋጀት የታወቀው እንግሊዛዊ የወይን ጠጅ ነጋዴ ጆሴፍ ጄምስ ፎሬስተር በ1861 ሕይወቱ ያለፈው ቫሌይራ በተባለው ሥፍራ ጀልባው ተገልብጦ ነው።

የባቡር ሐዲድ በ1879 ሬጉዋ ከተማ፣ በ1887 ደግሞ ፖሲንዮ ሲደርስ የራቤሎ ሥራ እየቀነሰ ሄደ። በ1960ዎቹም ጨርሶ ቆመ። ከዚያ በኋላ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ በፖርቱጋል ውስጥ በሚያልፈው የወንዙ ክፍል አምስት የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ግድቦች ተሠሩ። በእያንዳንዱ ግድብ ጎን ሁለት በር ያለው የኮንክሪት ክፍል አለ። ጀልባው ከገባ በኋላ በሩ ይዘጋና ውሃ እየተሞላ ወይም እየተለቀቀ ጀልባው ወደ ላይ ይነሣል ወይም ወደ ታች ይወርዳል። ካራፓቴሎ በተባለው ግድብ ይህ ከፍታ 35 ሜትር ያህል ይደርሳል። በ1990 ወንዙ ከውቅያኖሱ እስከ ስፔን ወሰን፣ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ለጀልባ ክፍት ሆነ።

ግድቦቹ ሲሠሩ የታሰበው ኤሌክትሪክ ለማመንጨት፣ በተጨማሪም ዕቃ ለማጓጓዝ ነበር። ነገር ግን ኃይለኛው ጅረት ረግቶ እንደ ሐይቅ በመሆኑ የሽርሽር ንግድ ተከተለ። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ ትልቅ የልማት ሥራ በአንድ አካባቢ ሲከናወን ያልታሰበ ጥቅም ይዞ ሊመጣ እንደሚችልና ጥቅሙን ቀድሞ የሚያገኘው አስቀድሞ የተዘጋጀው ወገን መሆኑን ነው። በዶውሮም መርከብና ሆቴል ለመሥራት ገንዘብ የነበራቸው ድርጅቶች ቀደሙ። ገበሬው ግን እርከኑን መጠገኑን ቀጠለ።

የገበያው በር በማን እጅ ነበር?

የዶውሮ ወይን አገር ወሰኑ በሕግ ከተከለለ ረጅም ጊዜ ሆኖታል። በ1750ዎቹ ወይን ጠጁ በአጭበርባሪዎች እየተበረዘ ስሙ በመጥፋቱና ዋጋው በመውደቁ፣ የፖርቱጋል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው በኋላም ማርኪስ ደ ፖምባል የተባለው ባለሥልጣን በ1756 አንድ ኩባንያ አቋቋመ። የሸለቆው ወሰንም በድንጋይ ምሰሶ እንዲከለል አደረገ። ከክልሉ ውጭ የተመረተ ወይን በዶውሮ ስም እንዳይሸጥ ተከለከለ። ይህ እርምጃ የምርቱን ስም ጠብቋል። በሌላ በኩል ግን ንግዱን ለአንድ ኩባንያ በመስጠቱ በ1757 በፖርቶ ከተማ ሁከት አስነሥቶ ብዙ ሰው በከባድ ተቀጥቷል።

ስሙ ከተጠበቀ በኋላም ገበያው ከገበሬው እጅ አልገባም። ከ1926 ጀምሮ በወጣው ደንብ መሠረት ፖርት የሚባለው ወይን ጠጅ ወደ ውጭ አገር የሚላከው ከፖርቶ ማዶ ባለችው ቪላ ኖቫ ደ ጋያ ከሚገኙት መጋዘኖች ብቻ እንዲሆን ተደረገ። በዚያ መጋዘን የሌለው ገበሬ ፍሬውን ወይም አዲሱን ወይን ጠጅ ለነጋዴ አስረክቦ ከመሸኘት በቀር ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ይህ ግዴታ የተነሣው በ1986 ነው። ከዚያ ወዲህ ምርታቸውን በራሳቸው ጠርሙስ ሞልተው በቀጥታ ወደ ውጭ መላክ የጀመሩ አልሚዎች በዝተዋል። ጎብኚ ተቀብለው ወይን ጠጃቸውን የሚያስቀምሱትም እነዚሁ ናቸው። ከጀልባ የወረደ እንግዳ ከገበሬው ደጅ አንድ ጠርሙስ ሲገዛ በመካከል የሚቆረጠው የደላላና የአከፋፋይ ድርሻ ይቀራል። በዚህም ምክንያት የጀልባው ሽርሽር ለአንዳንድ አነስተኛ አምራቾች እውነተኛ የገቢ ምንጭ ሆኗል።

ይሁን እንጂ ጠርሙስ፣ በርሜልና መጋዘን የሌለው ገበሬ አሁንም የሚሸጠው ፍሬውን ነው። ፍሬ ሻጩ ደግሞ የሚተዳደረው በኮታ ነው። ፖርት የሚሠራው ጭማቂው ሲፈላ ስኳሩ ሳያልቅ ጠንካራ የወይን አልኮል ተጨምሮበት ሲሆን፣ በየዓመቱ ስንት ጭማቂ ለዚህ እንደሚውል በቅድሚያ ይወሰናል። መለኪያው 550 ሊትር የሚይዝ በርሜል ነው። በ2023 የተፈቀደው 104,000 በርሜል ነበር። በ2024 ወደ 90,000፣ በ2025 ደግሞ ወደ 75,000 ወርዷል። በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 16 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ቅነሳ መሆኑ ነው። ከኮታው የተረፈው ፍሬ ለተራ ወይን ጠጅ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል፤ ገዢ የሚያጣበት ጊዜም አለ። በዚህ የተነሣ የሸለቆው ገበሬዎች በአደባባይ ተሰልፈው ቅሬታቸውን አሰምተዋል። እንግዲህ ጀልባው በተሳፋሪ ተሞልቶ ወንዙን ሲያቋርጥ፣ ከበላዩ ባለው እርከን ላይ ያለው ገበሬ ፍሬዬን ማን ይገዛኛል እያለ የሚጨነቅበት ሁኔታ አለ ማለት ነው። ጎብኚው በጉዞው የሚቀምሰው ጥቂት ብርጭቆ፣ በዓለም ገበያ የቀነሰውን ፍላጎት አይተካም።

በዕዳ የተያዘው ማኅበር

የዶውሮ ገበሬዎች ማኅበር አጥተው አያውቁም። በ1932 ካዛ ዶ ዶውሮ፣ ትርጉሙም የዶውሮ ቤት፣ የተባለው የአልሚዎች ድርጅት ተቋቋመ። ድርጅቱ የእያንዳንዱን ማሳ መዝገብ ይይዛል፤ ማሳውን በአፈሩ፣ በአቀማመጡና በተክሉ ዕድሜ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ዋጋ ሲወድቅም ትርፉን ወይን ጠጅ ይገዛ ነበር። ከዚህ ሌላ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ገበሬዎች በጋራ የሚጠምቁባቸው የኅብረት ሥራ መጥመቂያዎች ተስፋፍተዋል።

በ1990 ግን ካዛ ዶ ዶውሮ በአንድ ትልቅ የወይን ጠጅ ነጋዴ ኩባንያ ውስጥ 40 በመቶ ድርሻ በብድር ገዛ። ዓላማው ገበሬው በንግዱም እንዲገባ ማድረግ ነበር። ነገር ግን ድርሻው ኩባንያውን ለማዘዝ የሚያስችል አልነበረም፤ ዕዳው ግን ከነወለዱ በማኅበሩ ላይ ወደቀ። ከጊዜ በኋላ የቁጥጥር ሥልጣኑ ወደ መንግሥት ተቋም ተዛወረ። በ2014 ድርጅቱ የነበረውን ሕጋዊ አቋም አጣ። ገበሬዎቹ የራሳቸውን ድምፅ ለማግኘት አሥር ዓመት ያህል ከተሟገቱ በኋላ በ2024 ድርጅቱ በሕግ እንደገና እንዲቋቋም ተደርጎ የአመራር ምርጫ ተካሂዷል። ኮታውና ዋጋው እጅግ በተጎዳበት ዘመን ማኅበሩ የተዳከመ መሆኑ ጉዳቱን አባብሶታል።

ለአገራችን ማኅበራት የሚሆነው ትምህርት

በአገራችንም ጀልባና ገበሬ የሚገናኙባቸው ቦታዎች ጥቂት አይደሉም። ከባሕር ዳር ተነሥተው ወደ ዘጌና ወደ ጣና ደሴቶች ገዳማት የሚሄዱ የጎብኚ ጀልባዎች የሚያርፉት ቡና በሚያመርት ሕዝብ ደጃፍ ነው። በባቱ አካባቢም፣ ቀድሞ ዝዋይ ይባል በነበረው፣ የወይን እርሻ ተስፋፍቶ ከ2014 ጀምሮ ወይን ጠጅ ለገበያ ሲቀርብ ቆይቷል። ከዚህ አኳያ የዶውሮ ልምድ የሚከተሉትን ነጥቦች ያስገነዝባል።

አንደኛ፣ ጀልባ የሚያርፍበት ወደብና ወደ መንደሩ የሚያስገባው መንገድ የማን እንደሆነ፣ ከሚገኘው ገቢም ለማኅበሩ የሚከፈለው ስንት እንደሆነ ገና ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ውል መታወቅ አለበት። ገቢው ከታወቀ በኋላ ለመደራደር መነሣት ጊዜው ያለፈበት ነው።

ሁለተኛ፣ ለጎብኚ የሚቀርበው ቡና፣ ማር ወይም ሌላ ምርት የአካባቢውን ስም ይዞ፣ ተመዝኖና ታሽጎ በማኅበሩ መደብር ቢሸጥ ትርፉ በአካባቢው ይቀራል። ከሌላ ቦታ የመጣ ምርት በአካባቢው ስም እንዳይሸጥ መቆጣጠርም የአባላቱ ሁሉ ኃላፊነት ነው።

ሦስተኛ፣ የጎብኚ ገቢ ደጋፊ እንጂ ዋና መተዳደሪያ ሊሆን አይገባውም። ጎብኚ በወቅት ይመጣል፤ በሽታ ወይም ሁከት ሲሰማ ይቀራል። ጥርጊያ መንገዱን ለእንግዳ እያሳመሩ ዋናውን ምርት ገበያ ሳያፈላልጉለት መተው የዶውሮን ጭንቀት መጋበዝ ነው።

አራተኛ፣ ማኅበር ትልቅ ብድር ከመውሰዱ ወይም በድርጅት ውስጥ ድርሻ ከመግዛቱ በፊት ጉዳዩ በጠቅላላ ጉባኤ በዝርዝር መቅረብ አለበት። ብድሩ በስንት ዓመት እንደሚከፈል፣ ኪሳራ ቢመጣ ማን እንደሚሸከመው፣ ድርሻው በውሳኔ ላይ ምን ያህል ድምፅ እንደሚሰጥ እያንዳንዱ አባል ሊረዳው ይገባል።

አምስተኛ፣ የዋናው ነገር በጥንቃቄ መታየት አለበት። በዶውሮ የተቻለው ሁሉ በሌላ ውሃ ላይ አይሠራም። በጣና ሐይቅ ውሃ ውስጥ የቢልሃርዚያ በሽታ እንደሚገኝ በጤና ጥናት የታወቀ ስለሆነ፣ የአካባቢው ጤና ባለሙያ ሳይጠየቅ እንግዳን ለዋና መጋበዝ አይገባም። የአካባቢው ልጆችም ከዚሁ አደጋ ሊጠበቁ ይገባል። በማናቸውም ጀልባ ላይ ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን፣ ጀልባውም ከአቅሙ በላይ አለመጫኑን ማረጋገጥ ከውሉ አንዱ አንቀጽ ሊሆን ይችላል።

የዶውሮ ገበሬ እርከኑን ለመካብ ትውልዶች ፈጅተውበታል። እርከኑ እንደ ወይኑ ሁሉ ገንዘብ እንደሚያወጣ የታወቀው ግን ጀልባው ከመጣ በኋላ ነው። በአገራችንም ለምለም ተራራ፣ ንጹሕ ምንጭ ወይም የሐይቅ ዳርቻ ያለው ማኅበር፣ ባለጀልባው ውል ይዞ ከመምጣቱ በፊት በስብሰባው ተነጋግሮ የራሱን ሐሳብና ዋጋ ቢያዘጋጅ፣ የሚመጣውን እንግዳ በክብር ተቀብሎ ድርሻውንም ሳያጣ ለመጠቀም ይችላል።