የሐኪምም ሚዛን ይደገማል

ከግንደወይን ገበያ ጤፍ የሚገዛ ነጋዴ አንድ ሚዛን አይቶ አያምንም። ከጆንያው ላይም ታችም ዘግኖ ያያል፤ ሚዛኑ ያጠራጠረው እንደሆነም ሌላ ዘንድ ያስመዝናል። ሻጩ በዚህ አይቀየምም። ይኸው ነጋዴ ባለቤቱ በካንሰር ኦፕራሲዮን ስትደረግ ግን «ወጥቶላታል» የሚለውን ቃል ብቻ ይዞ ይመለሳል። ሌላ ሐኪም ይየው ማለት የመጀመሪያውን መድፈር ይመስለዋል። ይህ ይሉኝታ ሕይወትም ገንዘብም ያስከፍላል።

ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮን የሕክምናው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አይደለም። ቀጣዩን የሚወስነው የወጣው ሥጋ የፓቶሎጂ ምርመራ ነው። ካንሰሩ ምን ዓይነት ነው? ከተቆረጠው ጠርዝ ላይ የቀረ አለ? ወደ ንፍፊት ተሻግሯል? የጡት ከሆነ፣ እንደ ታሞክሲፈን ላለ የሆርሞን መድኃኒት ይመለሳል? ከእነዚህ አንዱ በስህተት ቢነበብ የሚያስፈልገው መድኃኒት ይቀራል፤ ወይም የማያስፈልገው ይሰጣል።

ደግነቱ፣ ለሁለተኛ አስተያየት ሁልጊዜ ሕመምተኛዋ መንገላታት የለባትም። በፎርማሊን ቆይቶ በሰም የታሸገ ናሙና ለዓመታት ስለሚቀመጥ፣ ሌላ ፓቶሎጂስት እንደገና ሊያነበው ይችላል። ናሙናው ከተጣለ ግን የሚደገም ሚዛን የለም። ስለዚህ ሥጋው ወዴት እንደሚላክ መጠየቅ ያለበት ከኦፕራሲዮኑ በፊት ነው።

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ በዓመቱ 77 ሺህ ያህል ሰዎች በካንሰር ተይዘዋል። የጨረር ሕክምና ግን ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ብቻ ሲሰጥ ቆይቶ፣ ጅማና ሐረር የተጨመሩት ኋላ ነው። ከግንደወይን በሞጣ በኩል ባሕር ዳር፣ ወይም በቢቸናና በደጀን አዲስ አበባ የሚደርስ ሰው ወረቀቱን ሳያሟላ ቢሄድ፣ ትራንስፖርቱም አልጋውም ለከንቱ ነው። ቤቱን ሸጦ ህንድ ወይም ባንኮክ የሚበር ባለሀብትም ያለ ናሙናውና ያለ ውጤቱ ከሄደ ምርመራውን በዶላር ከሥሩ ይጀምራል።

«ጊዜ ያባክናል» የሚሉ አሉ። ስጋቱ እውነት አለው፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት በሳምንታት የሚቆጠር ቀጠሮ ነውና። መፍትሔው ግን ጥያቄውን መተው ሳይሆን ውጤቱ እንደደረሰ ቶሎ መጠየቅ ነው። ደስ የሚል መልስ እስኪገኝ ከሐኪም ሐኪም መዞር ደግሞ ሁለተኛ አስተያየት አይባልም፤ ዋጋ እስኪወርድ እንደሚጠብቅ ገዥ መክሰር ነው።

ሆስፒታሎችም ድርሻ አለባቸው። ሕመምተኛ ሲወጣ የኦፕራሲዮኑ ማስታወሻ፣ የፓቶሎጂ ውጤቱና ናሙናው የተቀመጠበት ቦታ ሳይለመኑ በእጁ ሊሰጡት ይገባል። ያለ ደረሰኝ ዕቃ የማይረከብ ነጋዴ፣ በገዛ ቤተሰቡ ሕይወት ላይ ያለ ወረቀት መውጣት የለበትም።