እስከ ቅኔ ማኅሌቱ

ባለፈው ሰንበት ከቅዳሴ መልስ ወደ እኅቴ ቤት ጎራ ብዬ ቡናው እስኪፈላ ስጠባበቅ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጇ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተደፍቶ በጦር ሜዳ የወደቀ ወታደር ለማዳን ሲጣደፍ አየሁና፣ የልጅ ነገር ነው ብዬ ልንቀው ስል ልቡናዬ በነገሩ ተያዘ።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ2013 በቼኩ ኩባንያ በቦሄሚያ ኢንተርአክቲቭ የወጣው አርማ 3 ነው፤ ልጁን ያስጨነቀው ግን ዋናው ጨዋታ ሳይሆን፣ ተጫዋቾች በፈቃዳቸው ሠርተው የጨመሩበት ኤስ 3 የተባለው ሞድ ነበር። በዋናው ጨዋታ የቈሰለ ሁሉ በአንዲት የሕክምና ቦርሳ ታክሞ ቀጥ ብሎ ሲነሣ፣ በሞዱ ሥርዐት ግን ለቁስለኛው ስድስት ሊትር ደም፣ የልብ ትርታና የደም ግፊት ተመድቦለት፣ ደሙ በፈሰሰ መጠን ነፍሱ ወደ ሞት ደጅ ትቀርባለች፤ ያልተሰፋ ቁስል በፋሻ ቢታሰርም ተመልሶ ሊከፈት ይችላል፤ የጎደለውም ደም የሚተካው ቀስ እያለ በሚንቆረቆር ፈሳሽ ነው።

ልጁ የወታደሩን ክንድ ደም በሚያቆመው ማሰሪያ ጥፍር አድርጎ አሰረና፣ ሕመሙን ለማስታገሥ በዚያው በታሰረው ክንድ ሞርፊን ወጋው። ለውጥ ባያይ ደገመ፤ ሠለሰ። «ጋሼ፣ መድኃኒቱ እኮ አልሠራም!» እያለኝ ማሰሪያውን ሲፈታው፣ ከእስሩ በታች ታቍሮ የቆየው ሞርፊን ሁሉ ባንድ ጊዜ ወደ ልብ ገሠገሠ፤ ትርታው ወረደ፣ ወረደ፣ ቆመ። ልጁ እጁን ከመዳፊቱ አንሥቶ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «ደም በማያልፍበት መድኃኒትስ በየት ያልፋል?» አለ፤ ይህንንም መምህር ሳይነግረው ከገዛ ስሕተቱ ተማረው።

እኔ የዚህን ሞድ ጥበብ የማየው በዚህ ነው፤ ለስሕተት ዋጋ ያስከፍላል፤ ቅደም ተከተልንም ያስከብራል። የቸኰለ ሰው ደሙን ሳይገታ ሕመሙን ሊያስታግሥ ሲሮጥ፣ ወይም የሚጮኸውን ሲያባብል ዝም ያለውን ሲረሳ፣ ነፍስ በእጁ ላይ ትጠፋለች፤ ዝም ያለው ብዙ ጊዜ ከሚጮኸው ይልቅ ለሞት የቀረበ ነውና።

ነገሩም ከጨዋታ ወጥቶ የሰው ነፍስ የተረፈበት ጊዜ አለ። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው አሜሪካስ አርሚ በተባለው ጨዋታ፣ የቁስለኛ አስታማሚ ለመሆን የሚሻ ተጫዋች አስቀድሞ በአምሳያው ክፍል ተቀምጦ ትምህርት ሊያዳምጥና ፈተና ሊያልፍ ግድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በሰሜን ካሮላይና አውራ ጎዳና መኪና ተገልብጦ ባየ ጊዜ፣ ሌላ የሕክምና ትምህርት ያልነበረው አንድ ተጫዋች ከዚያ የቀሰመውን አስታውሶ፣ ጣቶቹ የተቈረጡበትን ሰው እጅ በፎጣ አፍኖ ወደ ላይ በማንሣት ደሙን ገታ።

ቢሆንም፣ የቤተ ክርስቲያን ልጅ እንደሚያውቀው፣ በቅኔ ማኅሌቱ መቆም መቅደስ መግባት አይደለም። መዳፊት ተጭኖ ማሰሪያ ማሰር የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው፤ በእውኑ ዓለም ግን ደም እጅን ያንሸራትታል፣ ማሰሪያው ሲጠብቅ ቁስለኛው በሥቃይ ይጮኻል፣ የአሳሪውም ጕልበት ይርዳል። ጨዋታው ልቡናን ያስተምራል፤ እጅን የሚያስተምረው ግን እጅ ነው።

ስለዚህ ልጆቻቸው በእንዲህ ያለው ጨዋታ የተያዙባቸውን ወላጆች የምለምነው፣ ኮምፒዩተሩን እንዲነጥቁ ሳይሆን፣ ትምህርቱን እንዲያስፈጽሙ ነው። በ1927 ዓ.ም የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። የእኅቴን ልጅ ላስመዘግበው ቃል ገብቼለታለሁ፤ እኔም አብሬው እቀመጣለሁ።