ምስጋናን ለለቅሶ ማቆየት

አፄ ዮሐንስ አራተኛ በመጋቢት ወር 1881 ዓ.ም. በመተማ ከደርቡሾች ጋራ ሲዋጉ በጥይት ቆስለው ወደ ድንኳናቸው በተወሰዱ ጊዜ፣ ዕለተ ሞታቸው መቅረቡን ዐውቀው መኳንንቱን ሰብስበው፣ እስከዚያ ሰዓት የወንድማቸው ልጅ ሲባሉ የኖሩት መንገሻ ልጃቸውና ወራሻቸው መሆናቸውን መሰከሩላቸው። የታሪክ ጸሐፍት ይህን ነገር የሚያነሡት ስለ ዙፋን ክርክር ሲጽፉ ነው፤ እኔን ግን ከዙፋኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ምስክርነቱ የመጣበት ሰዓት ነው። አባት በአደባባይ «የኔ ነህ» ሲል ለመስማት ልጅ እስከ ሞት አልጋ ድረስ መጠበቅ ነበረበትን?

በተራው ሰው ቤትም ነገሩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ሰው በሕይወተ ሥጋ ሳለ ያልሰማውን ሙገሳ በአስከሬኑ ፊት እናወርድለታለን፤ አልቃሿ ለጋስነቱን፣ ጀግንነቱንና ለዘመድ ደራሽነቱን እየቈጠረች ደረት ስታስደቃ፣ ከለቀስተኛው መካከል ይህን ሁሉ ለባለቤቱ አንድ ቀን እንኳ ነግሮት የማያውቅ ወንድም ወይም አባት አይታጣም። የዝምታው ምክንያት ክፋት አይደለም፤ ባንድ ወገን ዓይን እንዳይበላው፣ በሌላ ወገን ደግሞ አበው አጥብቀው የነቀፉት ከንቱ ውዳሴ ልቡን በትዕቢት እንዳይነፋው እንሠጋለን። ዳሩ ግን ለዓይኑ ፍርሃት ባህላችን ራሱ መላ አበጅቶለታል፤ በመተማ ገበያ የሰው ልጅ አይታ ያደነቀች ክርስቲያን «በስመ አብ»፣ ሙስሊም ጎረቤቷም «ማሻአላህ» ብላ ምርቃቷን ትቀጥላለች እንጂ አፏን ይዛ አታልፍም። ስለ ሁለተኛውም ሥጋት ቢሆን፣ የተሠራን ሥራ በስሙ ጠርቶ ለሠራው ሰው መንገር፣ እንደሚመስለኝ፣ ውዳሴ ከመሆኑ አስቀድሞ የምስክርነት ዕዳ ነው፤ ምስክርም ቃሉን የሚሰጠው ባለጉዳዩ ሊሰማው በሚችልበት ጊዜ ነው።

ከዚያው ከመተማ ቆላ ታሪክ በጊዜው የደረሰ ቃልም አለ። የቋራው ካሣ ኃይሉ፣ ገና አፄ ቴዎድሮስ ሳይባሉ፣ በ1840 ዓ.ም. ከድንበር ማዶ ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋራ ገጥመው መድፍ ፈታቸው፤ ብዙ ወታደርም አለቀባቸው። እንደሚተረከው፣ ባለመድኃኒቱ ቁስላቸውን ለማከም ላም ቢጠይቅ፣ የባለቤታቸው አያት እቴጌ መነን በላሟ ፈንታ ብልት ሥጋ ላኩላቸው። በዚያን ጊዜ ወይዘሮ ተዋበች ስድቡ ከገዛ አያታቸው የመጣ መሆኑን ሳይመለከቱ፣ ድል ከሆኑትና ከቆሰሉት ባላቸው ጎን ቆመው፣ ይህን ውርደት ተቀብለው እንዳይተኙ አደፋፈሯቸው። በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ ለተጫነው ዘውድ ምክንያቱ የሚስት ቃል ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ማጋነን ለሠርግ ንግግር አድራጊዎች ትቻለሁ። ሆኖም ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ የንጉሡ ጠባይ እየከረረ መሄዱን የጻፉ ጥቂቶች አይደሉም።

ዛሬ በዚያው ቆላ፣ ከገንዳ ውኃ አንሥቶ እስከ ቋራ ድረስ፣ ሌላ ዘመቻ፣ የሰሊጥ አጨዳ፣ በየዓመቱ ይካሄዳል። ሰሊጥ ቀጠሮ አይሰጥም፤ ቅጠሉ ብጫ መሆን ሲጀምር ፈጥኖ ካልታጨደ ማኅደሩ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ከጎጃም፣ ከወሎና ከጎንደር ደጋ የሚወርደው፣ በቆላው አጠራር «ሳሉግ» የሚባለው የቀን ሠራተኛ፣ በሚያነድ ፀሐይ ወገቡን አጉብጦ ያጭዳል፣ ነዶውን ያስራል፣ ነዶውንም አናቱን ወደ ላይ አቁሞ «ሂላ» በሚባል ክምር ይደረድራል፤ ሲደርቅም እንደ ሕፃን ታቅፎ በሸራ ላይ ገልብጦ ያራግፈዋል። ሌሊቱን የሚተኛው በተሰነጣጠቀ ጥቁር መሬት ላይ፣ ወባና ካላዛር በሚያስተላልፉ ነፍሳት መካከል ነው። ይህ ልጅ ያጠራቀመውን ወደ ቤቱ በላከ ጊዜ ከደጋ በስልክ የሚመጣለት ቃል ብዙውን ጊዜ «ብሩ ደርሷል፤ ጤና ነህ ወይ?» የሚል ነው። በጥያቄው ውስጥ የእናት ፍቅር መኖሩን አልክድም። ነገር ግን ቤቱ በእርሱ ብር ቆርቆሮ መልበሱን፣ ታናሽ እኅቱ በእርሱ ብር ደብተር መግዛቷን፣ እናቲቱም በእርሱ ምክንያት በሰንበቴ መካከል አንገቷን ቀና አድርጋ መቀመጧን የሚነግረው ማን ነው? «አኮራኸኝ፣ ልጄ፤ እደግ» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ እኮ የስልክ ሒሳብ የሚያስቈጥር አይደለም።

ለባለመሬቱ ግን ሌላ የምለው አለ፤ ሙገሳ ደመወዝን አይተካምና፣ በምርቃት የክፍያ ቀን የሚያራዝም አሠሪ ከዝምተኛው ይልቅ ይከፋል። እንግዲያስ የመጨረሻው ሒሳብ በሚዘጋበት ዕለት አስቀድሞ ለሠራተኛው ገንዘቡን ሳያጓድል ይቍጠርለት፤ ከዚያ በኋላ በባልንጀሮቹ ፊት ስሙን ጠርቶ፣ ያልታሰበ ዝናብ በመጣበት ሌሊት ተነሥቶ ሂላውን ያለበሰው እርሱ መሆኑን ይናገርለት። ከንጋት በፊት ተነሥታ ለዚያ ሁሉ ሰው እንጀራ ስትጋግር የከረመችውንም ሴት ከጭሱ ቤት ያስጠራት፤ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ስሟን የሚሰሙት ያን ቀን ሊሆን ይችላል።