የውሻዋ ጉበት የማን ጉዳይ ነው?

«ለሰው ያልተረፈ ምርመራ ለውሻ?»

ደባርቅም ሆነ ዳባት ላይ ትንሽ ውሻ አቅፎ ወደ እንስሳት ክሊኒክ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ይህን ነው። ላም ቢነዳ፣ በቅሎ ቢጎትት ማንም አይስቅበትም። ላም ወተት ናት፣ በቅሎ ጭነት ናት። ውሻ ግን ከዳነ ዳነ፣ ካልዳነ ይጣላል። ከሩቅ ሲያዩት ክርክሩ ልክ ይመስላል። ሕመሙ የጉበት ሲሆን ግን ስህተት ብቻ ሳይሆን አደጋም ነው።

ውሻ ምን ይበላል? የቤቱን ትራፊ። ሰው የሚበላውን ይበላል፤ ሰው የተጸየፈውን ደግሞ ቀድሞ ይበላል። ጎታ ውስጥ እርጥበት የገባው ማሽላ ሲሻግት፣ በቆሎው አረንጓዴ አቧራ ሲያወጣ፣ ደህና ደህናው ይለቀምና የቀረው ተፈጭቶ ለውሻ ይገነፋል። «ለውሻ ምን ይሆናል!» እየተባለ። የሚሆነውማ ይኸው፦ እህል ላይ የሚበቅል አንድ ዓይነት ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ በዋናነት የሚያጠቃው ጉበትን ነው፤ ውሻ ደግሞ ይህ መርዝ ፈጥኖ ከሚጥላቸው እንስሳት አንዱ ነው። ማብሰል አያጠፋውም። ተለቅሞ ለሰው የቀረው «ደህና» እህልም የወጣው ከዚያው ጎታ ነው።

በ1974 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ህንድ፣ በራጃስታንና በጉጃራት መንደሮች፣ ሰው ዓይኑ ቢጫ እየሆነ ሆዱ ውሃ እየቋጠረ መሞት ጀመረ። ከመቶ በላይ ሰው አለቀ። ጥፋቱ የተገኘው በዝናብ ከተበላሸ በቆሎ ላይ ነበር። በዚያው ሰሞን የመንደሮቹ ውሾችም በዚያው ምልክት ይሞቱ ነበር። ጎረቤታችን ኬንያ በ2004 እ.ኤ.አ. በዚሁ መርዝ 317 ሰዎች ታመውባት 125ቱ ሞተዋል፤ ያም በቆሎ ነው። በአዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ላሞች ከሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ተነስቶ ወተት ውስጥ ተገኝቷል።

ይህም ሩቅ ነው የሚል ካለ ከደባርቅ ሊማሊሞን ይውረድ፣ ተከዜን ይሻገር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሽሬ አካባቢ፣ ታሕታይ ቆራሮ ወረዳ ውስጥ፣ የገጠር ቤተሰቦች ሆዳቸው እያበጠ ጉበታቸው እየተበላሸ ይሞቱ ጀመር። ለዓመታት በሽታው ስም እንኳ አልነበረውም፤ የሚጠራው «ምንነቱ ያልታወቀ የጉበት በሽታ» እየተባለ ነበር። በኋላ የተመራማሪዎች ዋና ጥርጣሬ ያረፈው ዘሩ ከጤፍ ጋር በሚቀላቀል መርዛማ አረም ላይ ነው። እስከዚያ ግን ስንት ሰው ተቀበረ!

ስለዚህ የአንዲት ትንሽ ውሻ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንቷ እንደ ቡና ሲጠቁር፣ ሆዷ ሲነፋ፣ «የውሻ ነገር» ብሎ ማለፍ የቤቱን ደወል አፍኖ መተኛት ነው። መንስኤው ሻጋታው ላይሆን ይችላል። በአይጥ ሽንት የሚመጣው ሌፕቶስፓይራም ጉበት ያጠቃል፤ እሱ ደግሞ ከውሻዋ ሽንት ወደ ልጆች ይተላለፋል። ወይም አንዱ አዝኖላት የሰጣት ፓራሲታሞል ይሆናል። (ይህ «ለሰው የሚሆን ለውሻ ምን ይላል» የሚሉት ደግነት ራሱ ጉበት ገዳይ ነው።) ማንኛው እንደሆነ በግምት አይለይም።

ሁሉም ውሻ ያለ የሌለ ምርመራ ይደርደርበት ማለት አይደለም። የምትበላ፣ የምትሮጥ፣ ደሟ ሲታይ ግን የጉበት ኢንዛይሟ ትንሽ ከፍ ያለባት ውሻ መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ያንኑ ምርመራ መድገም ነው። ዳግመኛም ከፍ ብሎ ከተገኘ የሐሞት አሲድ ምርመራ ይከተላል፦ በባዶ ሆዷ፣ ከዚያም በልታ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይታ ደም ይወሰዳል። ይህ ጉበቱ ሥራውን እየሠራ መሆን አለመሆኑን ይናገራል። በተለይ በትንንሽ ዝርያዎች ደም ጉበትን ሳያልፍ የሚሄድበት የተፈጥሮ ጉድለት አለ፤ ከበላች በኋላ የምትደነዝዝ፣ ከእኩዮቿ ያነሰች ቡችላ ይህ ይጠረጠርባታል። አልትራሳውንድ ከዚያ በኋላ ነው። ከጉበቱ ቆርሶ መመርመር መጨረሻ ነው፤ ውጤቱ ሕክምናውን የማይቀይር ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ባይደረግ ይሻላል። ዓይኗ ለቢጫት ውሻ ግን ቆይቶ መድገም የሚባል ነገር የለም፤ ያኔውኑ ነው።

«የት ሄዶ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ነው፤ ቁጣው መሄድ ያለበትም ወደዚያ እንጂ ወደ ውሻዋ ባለቤት አይደለም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው ከደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው፤ ለአንዲት ውሻ ያን መንገድ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ያው ዩኒቨርሲቲ ዳባት ላይ በተመረጡ ቀበሌዎች ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ ሲመዘግብ ኖሯል። ልደትና ሞት መቁጠር ከቻለ፣ ከወረዳ ክሊኒክ የተላከ የደም ናሙና መቀበል ምን ያቅተዋል? ውሻዋ አትጓዝ፤ ደሙ ይጓዝ። ወረዳው ላይ ይቀዳ፣ በበረዶ ሳጥን ይላክ፣ ውጤቱ በስልክ ይነገር። ባለቤቱም ውሻዋን ሲያመጣ ከጎታው አንድ እፍኝ እህል ቋጥሮ ይምጣ፤ ሐኪሙም መጀመሪያ እሱን ፈትቶ ይይ።