ከ12ኛ ክፍል በኋላስ?



በ2014 ዓ.ም. በአገሪቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ደረሱ። ታዲያ የቀሩት ከዘጠና በላይ ልጆች ምን ይሁኑ?

«ልጄ ዩኒቨርሲቲ ይገባል» ማለት ደግ ነው፤ ምኞት ብቻውን ግን አያዘልቅም። ቴክኒክና ሙያ አለ፤ ድጋሚ መፈተንም አለ። የእጅ ሥራ የሚያዋርድ ቢሆን ኖሮ ላሊበላ ከአለት ባልተፈለፈለች!

ስለዚህ ወላጆች ውጤት ሳይመጣ፣ ከአሁኑ፣ ከልጆቻችን ጋር ቁጭ ብለን እንምከር። ለድግስ የምንበደረውን ብር ለሙያ ማስተማሪያና ለመሣሪያ መግዣ እናውለው። ነጥብ ያልመጣለትንም ልጅ በጎረቤት ፊት አናሸማቅቀው፤ ስድብ ልጅን ለስደት ይሸኛልና።