ጤና አዳም ፀሐይ ይወዳል

ባለፈው ዓመት ጤና አዳም ተከልኩ። ቦታው የዛፍ ጥላ ነበር። ጧት ማታ ውሃ አጠጣሁት። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ሥሩ በሰበሰና ሞተ።

ፊደል የማስተምራቸው አንዲት እናት አዩና ሳቁ። «ልጄ፣ እሱ እኮ ፀሐይ ነው የሚወደው። ድንጋያማውን ቦታ ስጠው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

አተካከሉ እንዲህ ነው። ፀሐይ ያለበት፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ይምረጡ። አፈሩ ጭቃ ከሆነ ጠጠርና አሸዋ ይቀላቅሉበት። መደቡን ከፍ ያድርጉ። ከደህና ተክል አንድ ስንዝር ቅርንጫፍ ይቁረጡ። የታች ቅጠሉን አራግፈው ግማሹን ይቅበሩ። ሥር እስኪይዝ አፈሩን ያርጥቡት፤ ከቀትር ፀሐይም ይከልሉት። ከያዘ በኋላ ግን ውሃ የሚሰጡት አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ነው። አበባው ሲያልፍ ጫፍ ጫፉን ይከርክሙት።

ስሙ ጤና ቢሆንም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፈሳሹ ከነካዎ ቶሎ ይታጠቡ። ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳ ያቃጥላል፤ ውሃ ያቋጥራል። ነፍሰ ጡር ሴት ጤና አዳም አትጠጣ፤ ቡናዋም ውስጥ አይግባ። ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል።

ይህን ማንበብ ለማይችል ጎረቤት ያንብቡለት።